ለዓመቱ አርአያ አባት፣ ከነቁልፉ

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ
ከልብስ ንጽሕና ቤቱ፣ ካውያዎቹ እስኪበርዱ

ለክቡር የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ ለዓመቱ አርአያ አባት፣ ለቀድሞው ባለቤቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎ በስተቀር ሁሉም አለን። ናፍቆቱ ካለቀብን ዘጠኝ ዓመት ስለሆነው ይቅርታዎን እንጠይቃለን።

አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃን። ካልሲህን ስድስት ዓመት ያጠበች ሴት አንቱ እያለች ብዙ መንገድ አትሄድም።

ደብዳቤህ ደረሰኝ። በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ ክብ ማኅተም አርፎበት፣ ቁጥር ወጥቶለት። በአሥር ዓመት ውስጥ ለልጅህ የላክኸው የመጀመሪያው ስለሆነ ቁጥሩ አንድ ይሆናል ብዬ ነበር፤ 417 ይላል። ከእኛ በፊት ለአራት መቶ አሥራ ስድስት ሰው ጽፈህ፣ ወረፋችን ሲደርስ አልዘለልከንም። እግዜር ይስጥልን።

ጉዳዩን ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ኦቲዝምና ሌላም የእድገት እክል ያለባቸው ልጆች ወላጆች ማኅበር በመጪው ሳምንት ቅዳሜ በትልቁ አዳራሽ «የዓመቱ አርአያ አባት» ብሎ ይሸልምሃል። ሰብሳቢው አንተ፣ አስመራጮቹን የሾምከው አንተ፣ ተመራጩ አንተ። ፉክክሩ ከባድ እንደነበር ይገባኛል፤ እንኳን ደስ ያለህ። ታዲያ አባት ብሎ ለመሸለም ልጅ ያስፈልጋል። ያለ ልጅ ፎቶው ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ልጅቷን በአውቶቡስ ይዤልህ ልመጣ ነው። «ከጎኔ ቆማ ፈገግ ትበል፤ መናገር አይጠበቅባትም» ብለሃል።

የምታነበውንም ንግግር አብረህ ልከህልኛል። «ዝምታ ያስተማረችኝ ልጅ» ይላል ርእሱ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ «ልጄ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል ሳትናገር ፍቅር ምን እንደሆነ አሳየችኝ» ይላል። ይህንን ለጋሼ ካውያ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጋሼ ካውያን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የቀጠርኩት ልብስ ተኳሽ ነው። ሽማግሌ ነው፣ አንድ ጆሮው አይሰማም፣ የጆሮውን ጉድለት ምላሱ ትሸፍንለታለች። እስከ መጨረሻው አዳመጠና ካውያውን አቁሞ፣

«ሴትዮ፣ ይሄ ሰውዬ ሌላ ልጅ አለው እንዴ?» አለኝ።

«የለውም።»

«እንግዲያው ስለ ማን ነው የሚያወራው?»

እኔም እሱኑ ልጠይቅህ ብዬ ነው ወረቀት ያወጣሁት።

ቀሚሱም ደርሷል። ነጭ፣ ባለ ሪባን፣ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን። በልብህ ውስጥ አራት ዓመት አሳድገህ ስምንት ላይ ደክሞህ ቆመሃል ማለት ነው። ልጅህ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ ትከሻህ ጋ ይደርሳል። የቀሚሱ አንገት ላይ የተሰፋችው የጨርቅ ምልክት ደግሞ ለእሷ እሳት ናት፤ ማንኛውንም ልብስ ሳታለብሳት በፊት ምልክቱን በምላጭ ፈትተህ፣ ክሩን ለቅመህ፣ በጣትህ ዳብሰህ ነው። ይህንን አርአያ አባቶች ሁሉ ያውቁታል ብዬ አልነግርህም ነበር።

ሌላም የምታውቃቸው ነገሮች አሉ። ጥፍሯ የሚቆረጠው ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ በቀን ሦስት ጣት ብቻ እንደሆነ። ሽንት ቤት ብቻዋን መሄድ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ እሱም በሩ ላይ የማጠቢያ ማሽን ሥዕል ከለጠፍንላት በኋላ እንደሆነ። አምቡላንስ ሲያልፍ ግንባሯን ከግድግዳ ጋር እንደምታጋጭ፣ እጄን በመካከል ሳስገባም ሁለት ጣቴ እንደተሰበረ። ዓምና ደግሞ የሴት ወግ መጣባት። ደሙን ስታይ ልብስ ላይ የፈሰሰ መስሏት እንደ ደንበኛ ልብስ ቁጥር ጽፋ ቀሚሷ ላይ ሰካችና ከሚታጠቡት ጋር ቅርጫት ውስጥ ጨመረችው። ሦስት ወር ሙሉ በአሻንጉሊት፣ በቀይ ቀለምና በቀን መቁጠሪያ አስተማርኳት። ያን ሰሞን የት ነበርክ ብዬ አልጠይቅህም። ደብዳቤ ቁጥር 300 አካባቢ ሳትሆን አትቀርም።

እንግዲህ እህትህ ያልነገረችህን ልንገርህ። ልጅህ ትናገራለች።

አንተ በወጣህ በዓመቱ ነው የጀመረችው። ቁልፎችህን ስትሄድ መርፌ ቁልፍ የምናስቀምጥበት የቆርቆሮ ሳህን ውስጥ ወርውረህ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ሦስቱን፣ በአንድ ቀለበት። አንድ ቀን ሳህኑን ሳጸዳ ከእጄ አምልጠው መልሰው ሳህኑ ውስጥ ወደቁ። «ቅጭል» አሉ። ልጅቷ ከመድረቂያው ማሽን ሥር ብድግ አለች። ሁለት ጊዜ እህ! እህ! ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ልክ እንዳንተ። ከዚያ በአንተ ድምፅ፣ በአንተ ዜማ፣ «ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት። እኔ ድንጋይ ሳናግር አላረጅም» አለች። ቀጥላም «ጓ!» አለች። በሩ ናት።

ልጅህ አምስት ዓመት ሙሉ ዝም ብላ ኖራ መጀመሪያ የተናገረችው ያንን ነው። ሌላው ሕፃን እማማ ይላል፣ አባባ ይላል። ድንጋይ ያልካት ልጅ ግን ድንጋይ የሚያደርገውን አደረገች፤ የጮኽክባትን መልሳ ጮኸችብህ። ሰፈርተኛው ገደል ማሚቶ አላት፣ እኛ ገደሉን ትተን ማሚቶ አልናት። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ተረቱ። አንተ የወለድካትን ጥለህ ስትሄድ የተናገርከውን እሷው ጋ አስቀምጠህ ሄድክ። እንዳንተ ያለ ቆጣቢ አላየሁም።

አሠራሯን ልንገርህ። ከራሷ የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ውሃ፣ በቃ፣ ቁጥር ስንት። የቀረው ሁሉ የሰው ነው። አንድ ነገር ስትሰማ አብሮት የነበረውን ድምፅም ትይዛለች፤ ያ ድምፅ ከዓመታት በኋላ ሲሰማ የተባለው ሁሉ ከነሳሉ ይወጣል። አንዴ ከጀመረች አትቆምም። እኔ ብቻ ነኝ የማስቆማት፤ «አመሰግናለሁ ማሚቶ» ስላት ትተወዋለች።

ይህንን ማን በዋዛ ያየዋል? መጀመሪያ የቀመሰችው የትምህርት ቤቷ ዳይሬክተር ናት። አንድ ቀን ማሚቶ ቢሮዋ ተቀምጣ ሳለ ስልክ ይጮህባታል፤ ልጅቷ ምን ትሰማለች ብላ፣ «አንዷን ዘገምተኛ ጥለውብኛል እባክሽ! ዓመቱ ሳያልቅ ካላባረርኳት ስሜን ቀይሩት» ትላለች እየሳቀች። ከሁለት ወር በኋላ ተቆጣጣሪዎች መጡ። ዳይሬክተሯ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እኛ ጋ ልጅ ሁሉ እኩል ነው» ስትል ስልኩ አንቃጨለ። ማሚቶ ተነሣች። ከነሳቁ ነው ያወጣችላት። ስሟን አልቀየሩትም፤ ቢሮዋን ግን ቀየሩላት፤ አሁን የመጻሕፍት መጋዘን ኃላፊ ናት፤ እዚያ ስልክ የለም። ያን ቀን ለማሚቶ ሃምሳ ቁልፍ ገዛሁላት፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁሉም ሰማያዊ። እስከ ማታ ስትደረድር ዋለች። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ሳቄን ስደረድር ዋልኩ።

ቀጥሎ እህትህ መጣች። ባንኮኒው ላይ፣ አራት ደንበኛ ቆሞ፣ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ከእናቷ ወገን ነው» ብላ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ጠቅ አደረገች። የእናትህ ከዘራም እንደዚያ ነበር ጠቅ የሚለው፤ ነፍሳቸውን ይማርና። አማቴ ከመሞታቸው በፊት እዚህ መድረቂያው አጠገብ ሙቀት ፍለጋ ይቀመጡ ነበር። ማሚቶ ጃንጥላውን እንደሰማች ወገቧን ጎበጥ አድርጋ፣ በእናትህ ድምፅ፣

«አይዞሽ የኔ ልጅ። አባትሽም እስከ አምስት ዓመቱ አልተናገረም። ጫማ ሲደረድር ነበር የሚውለው። ለሰው እንዳትነግሪ እሺ?» አለች።

ደንበኞቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጋሼ ካውያ ብቻ፣ «ምን አለች? በዚህኛው ጆሮዬ ድገሙልኝ» ብሎ አስደገማት። እህትህ ጃንጥላዋን እንኳ ሳታነሣ ወጣች። እስካሁን እኛ ጋ ነው፤ ማሚቶ ቁጥር ሰክታበታለች፤ 212። ታዲያ ክቡር ሰብሳቢ፣ አሁንም ጫማ ትደረድራለህ?

አንድ ነገር ግን አለ የማልወድላት። ወደ ቤት የምንወጣበትን ደረጃ ስትወጣ ትቆጥራለች፤ በአንተ ድምፅ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለች እስከ ሃያ ሁለት፣ ከዚያ፣ «ደረስን የኔ እመቤት!» ትላለች። ተሸክመሃት ስትወጣ ትለው የነበረውን። በቀን አራት ጊዜ ድምፅህ ጫማ ሳያወልቅ ቤቴ ይገባል። «አመሰግናለሁ» እያልኩ ላስቆማት እችል ነበር። ደረጃ ላይ ካቆምኳት ትወድቅብኛለች ብዬ ነው የተውኳት።

የበሩንም ቁልፍ አልቀየርኩትም፤ ሌላ እንዳይመስልህ። በሩ ላይ አንዲት ብሎን ስትቀየር ሦስት ቀን የምትጮህ ልጅ አለችኝ።

ወደ ቅዳሜህ ልመለስ። እቅዴን ልደብቅህ አልፈልግም፤ በጣም ያምር ነበር። ቀሚሱን አስፍቼ አለብሳታለሁ። አንደኛው ረድፍ ላይ እንቀመጣለን። አንተ «አንዲት ቃል ሳትናገር» የምትለው ቦታ ስትደርስ፣ ማሚቶ ከጎንህ ቆማ፣ የድምፅ ማጉያው አፍንጫዋ ሥር፣ እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ሳህኑን አወጣና ቁልፎቹን ጣል። ቅጭል። የቀረውን አንተው ራስህ ትናገረዋለህ። ይህንን እያሰብኩ ስንት ሸሚዝ ተኮስኩ መሰለህ፤ አንድም እጥፋት አልቀረባቸውም። አሥር ዓመት ሙሉ ቂሜን እንደ ክብር ልብስ በናይለን ሸፍኜ ሰቅዬ ነበርና፣ የሚለበስበት ቀን ደረሰ አልኩ።

እሑድ ዕለት ሱቁን ዘግተን ልምምድ አደረግን። ቀሚሱን ከጎኑ ቀድጄ ጨርቅ ጨምሬበታለሁ፣ ምልክቱን አንሥቻለሁ። ማሚቶ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ቆመች። ጋሼ ካውያ አዳራሹ ሆኖ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ብቻውን አጨበጨበልኝም። ቁልፎቹን ጣልኩ።

እህ! እህ! «ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት። እኔ ድንጋይ ሳናግር አላረጅም።» ጓ!

«አመሰግናለሁ ማሚቶ» ልል አፌን ስከፍት ጋሼ ካውያ እጁን አነሣ።

«ቆይ፣ ለምን ታስቆሚያታለሽ?»

«አለቀ እኮ።»

«አላለቀም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህችው ላይ ነው የምታስቆሚያት። እኔ ደንቆሮ ነኝ እንጂ ዕውር አይደለሁም፤ አፏ ገና ክፍት ነው። አዳራሽ ውስጥ አንቺ ከታች ነሽ፣ እሷ ከላይ፤ ማን ያስቆማታል? ሁሉንም እንስማውና እንወቀው።»

ማሚቶ እያየችኝ ነበር፤ ቃሉን እየጠበቀች። ቃሉን አላወጣሁትም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ የነበረውን ጸጥታ እንኳ ታውቀዋለች። ቆጥራ የያዘችው ይመስለኛል። ከዚያ በእኔ ድምፅ፣ በአሥር ዓመት ወጣት በነበረው ድምፄ፣ ሳግ እየተናነቃት፣

«ምነው እሷንም ይዘህልኝ በሄድክ! ምነው ምነው ባልወለድኳት!» አለች።

ያልኩትን ረስቼው አልነበረም። ለዚህ ነው «አመሰግናለሁ»ን ያን ያህል ያሳመርኩት። እሷ እግሬ ሥር፣ መድረቂያው አጠገብ ተቀምጣ ነበር ያን ቀን፤ አንተ ድንጋይ ያልካት፣ እኔም ለጊዜው ድንጋይ ናት ብዬ ያመንኩልህ።

ማሚቶ ስትጨርስ ትንሽ ጠበቀች። ማንም ምንም አላላትም። ስለዚህ ራሷ፣ በዛሬው ድምፄ፣ «አመሰግናለሁ ማሚቶ» አለችና ከሳጥኑ ወርዳ ቁልፎቹን ከሳህኑ ለቅማ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ሸሚዝ ከነቁጥሩ ለባለቤቱ ስታስረክብ የምታሳየው ፊት ነው።

ጋሼ ካውያ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰና፣ «በደህናው ጆሮዬ በኩል አልነበረችም። ምንም አልሰማሁም» አለኝ። ውሸታም ነው። ሙሉውን የደህናውን ጆሮ ሰጥቷት ነበር።

ስለዚህ አንመጣም።

አዝኜልህ እንዳይመስልህ። ይቅርታ አላደረግኩልህም፤ ለማድረግም ቀጠሮ አልያዝኩም። ነገር ግን ማሚቶ ያን መድረክ ከወጣች ሁለታችንንም ነው የምታሰማው፤ እኔ ደግሞ ካንተ ጋር አንድ ሽልማት ለመካፈል ዝግጁ አይደለሁም። ሌላም ነገር አለ። አንተ ልጅቷን ለፎቶ ፈለግሃት፣ እኔ ለጥይት። እሷ ከሁለታችንም አንዱን አልጠየቀችም። የጠየቀችው ውሃ፣ በቃ፣ ቁጥር ስንት ነው።

የአንተ ድርሻ ግን አይቀርልህም። ከላይ በእጄ ጽፌልሃለሁ፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት፣ ለመሸምደድ ቀላል። «ዝምታ ያስተማረችኝ» የሚለውን አውጣና እሷን ተካበት። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ወላጆች ሁሉ እቤታቸው በር ከተዘጋ በኋላ የተናገሩት አንዳንድ ነገር ሳይኖራቸው አይቀርም፤ ካነበብክላቸው ምናልባት እውነተኛ ጭብጨባ ታገኛለህ። ካላነበብክ ደግሞ ሽልማቱን ስትቀበል የሆነ ሰው ቁልፉን ይጥላል። አዳራሽ ውስጥ ሁልጊዜ ቁልፍ የሚጥል ሰው አይጠፋም። ቅጭል ሲል ዞር በል፤ ከኋላህ ማንም አይኖርም። ያ በቀሌ ነው፤ ለዕድሜ ልክ የሚያገለግል፣ ቢታጠብ የማይለቅ።

ቀሚሱን መልሼልሃለሁ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ከጎኑ በጨመርኩት ጨርቅ ሰፍቶ። የልጅህ ልክ አሁን ያ ነው፤ እየው። ኪሱ ውስጥ ቁልፎችህ አሉ። ማሚቶ ያንን ድምፅ ከእንግዲህ እቤቷ ውስጥ እንድትሰማው አልፈልግም፤ አንተም እኔም ያልነውን ይዘህልን ሂድ። ዛሬ ጠዋት ሳህኑን አይታ፣ «ቁጥር ስንት?» አለችኝ። ቁጥር የላቸውም አልኳት። አልተዋጠላትም፤ ወረቀት ቆርጣ ጻፈችና ቀለበቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካችባቸው። ታየዋለህ፤ 22 ይላል። ለምን ሃያ ሁለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ ደህና ሁን። እድፍህን የሚያስለቅቅ ሳሙና አምላክ አያሳጣህ። ሸሚዝህ ነጭ፣ ንግግርህ አጭር ይሁን፤ ጫማህም በረድፍ በረድፍ ይቁምልህ።

የማሚቶ እናት
(ድንጋይ ስታናግር ያረጀችው)

ከዚህ በተረፈ፦ ከቁልፎቹ ረጅሙ የደረጃው በር ነው። ዝናብ ሲጥል ይጣበቃል፤ እጀታውን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ በትከሻ መግፋት ነው። ይህንን የምነግርህ ብረቱ የምን እንደሆነ እንድታውቀው ብቻ ነው። ምናልባት በስሕተት የሚሞክረው ሰው ቢኖር ግን፣ ደረጃውን ሲወጣ ጮክ ብሎ አይቁጠር። ቆጣሪ አለን።